ስም አልባው የሀርሺን አቤቱታ

ይድረስ ለምወድሽና እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእትዬ ሙሉመቤት፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽ ላይ የነበረው እብጠት ጎደለልሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማዬስ እንዴት ናት? ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ ለጤናዬ ተመስገን ነው፤ ለቀረው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልኬን ማን እንደሚሰማው ስለማላውቅ ነው። ይህን የምታመጣልሽ ቀለምወርቅ ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ መምህርት ናት። ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ በእናንተ በኩል ታልፋለች።

ዝውውርህ ምን ሆኖ ዘገየ እያልሽ ስትጠይቂኝ ከርመሻል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ሕዝቡ አቤቱታ የሚጽፍበት ቦታ አለው። በኅዳር ባቱሎ የምትባል የሀርሺን ወረዳ ሴት፣ ለወረዳው ሕዝብ የተላከው የቦቴ ውሃ የአንድ ባለሀብት በርካ ውስጥ ይገለበጣል ብላ ጻፈች። በርካ የሚሉት እዚህ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ነው። አለቃችን አቶ ሂርሲ ስሟንና ስልኳን ከገጹ ላይ አግኝቶ አስጠራት። ታስራ ከርማ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አፏን ከፍታ አታውቅም አሉ።

ቀጥሎ እኔን ጠራኝና፣ "ከእንግዲህ ማንም ሲጽፍ፣ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከነስሙ ከነስልኩ ለእኔ ይድረሰኝ" አለኝ።

ለእኔ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ድረ ገጹ የቆመበትን ሲስተም የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ውስጡን ብንነካካው፣ አዲሱ እትም ሲጫንበት ልፋታችን ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ "ሁክ" የሚሉትን፣ እንደ መንጠቆ ያለ ነገር፣ በየቦታው ትተውልናል። ሲስተሙ እዚያ ሲደርስ ያንጠለጠልንበትን ትእዛዝ ፈጽሞ ያልፋል። አቤቱታ ሲገባም እንዲህ ያለ መንጠቆ አለ። እኔም ትእዛዜን አንጠለጠልኩበት፤ ትእዛዙ ግን ስሙንና ስልኩን ከመመዝገቡ በፊት የሚያጠፋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከሀርሺን ስለዚያው ውሃ ሌላ አቤቱታ መጣ። አቶ ሂርሲ "ስሙ የታለ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አዲሱ እትም ከተጫነ ወዲህ ሲስተሙ ስም አይዝም" አልኩት። ወደ ባልደረባዬ ወደ ኒምኮ ዞረና "እውነቱን ነው?" አላት። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሁሉን ታውቃለች። ፊቷ ሳይለወጥ "እውነቱን ነው" አለችው። ስንወጣ ግን፣ "አንተ እንግዳ ነህ፣ ነገ ትሄዳለህ፤ እኔ ግን ወዴት እሄዳለሁ? የእናቴ ወገኖች የሀርሺን ሰዎች ናቸው" አለችኝ።

እትዬ፣ ዝውውሬ ከተፈቀደ ቆይቷል። መልቀቂያው ግን አቶ ሂርሲ እጅ ነው። "ሲስተሙን አስተካክለህ ስሞቹን ሳታመጣልኝ ከጅግጅጋ ንቅንቅ አትልም" ብሎኛል። ያለውን ብፈጽም ነገ ተሳፍሬ እመጣ ነበር። ጥዬ ብጠፋም ጣጣው ኒምኮ ላይ ይወድቃል። ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎጫሌ የሚሄዱትን ሚኒባሶች በመስኮት እያየሁ እውላለሁ፤ የትም ልሂድ የትም፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ያስቀናኛል።

አሁን ደግሞ ሲስተሙን የሚፈትሽ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል። ከፈተው ያገኘዋል። ስለዚህ እዚያ ትእዛዝ ራስጌ ላይ "ይህን የሠራሁት እኔ ሚሊዮን ብቻ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ኒምኮ አይታ አለቀሰች፤ አጥፋው ብላ ለመነችኝ። አላጠፋሁትም።

ከሁለተኛው አቤቱታ ወዲህ ውሃው ሀርሺን ደርሷል ይላሉ። አቤቱታውን የጻፈው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ለጋሽ ወልደሥላሴ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ሶሲን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ጎረቤቶቹን ሁሉ በየስማቸው ጥሪልኝ። ለእማዬ ይህን አታንብቢላት። ደህና ነው በያት፤ ለፋሲካ ይመጣል ብለሽ ግን ተስፋ አትስጫት።

ወንድምሽ ሚሊዮን
ጅግጅጋ፣ የካቲት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.