ሃያ ሰባት ቁጥር ለግመል

መስከረም 27፣ 2006

ዳውድ፣ አንተ ውሸታም። ዛሬ በአንተ ምክንያት ተዋረድኩ።

እማን ሸረፊያ ሰፈር ወሰድኳት፣ አንተ መሣሪያ ታጥብበት የነበረው ዓይን ክሊኒክ። የግራ ዓይኗ ውስጥ፣ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቋል። ዶክተር ሙሉዓለም አየና “ቶሎ ካልተሠራ ይጠፋል” አለ። መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው፤ 23፣ 25፣ 27 ቁጥር። እያሰበ ሳለ ጣልቃ ገባሁ።

“ዶክተር፣ 27 ብቻ እንዳይሆን።”

“ለምን?”

“እሱ ለግመል ነው።”

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

“ማን ነው እንዲህ ያለህ?”

“ወንድሜ።”

“ዳውድ?” የዶክተሩ ሳቅ ግማሽ ላይ ቆመ።

ለካ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። 27 ከሁሉም ቀጭኑ ነው። “23 ለሰው፣ 25 ለአህያ፣ 27 ለግመል” እያልክ ሁለት ዓመት... ለክፍል ልጆች ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ። የመካ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦብህ፣ ገና አርባህ ሳይወጣ፣ አሁንም ታስቅብኛለህ?

መስከረም 30

እንግዲያው 27 ይሁንልን አልኩ። ቀዳዳው ትንሽ፣ ስፌት የለው፣ ቶሎ ይሽራል።

ዶክተሩ “እናትህ የምትሄደው መቼ ነው?” አለ።

መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የመውጫ ምሕረት ጥቅምት 24 ያበቃል። እማ ለዑምራ መጥታ የቀረች ናት፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ከዚያ ወዲያ ከተያዘች እስር ነው። የመውጫ ወረቀቷ ለጥቅምት 23 ነው።

“ዓይኗን በጋዝ ብሞላው አውሮፕላን ላይ ይነፋና ያጠፋዋል። ስለዚህ ዘይት ነው የምሞላው። ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው፣ በ27 ይንቀረፈፋል። በ23 ነው የምሠራት።”

ከግመል ሸሽቼ፣ ግመሉን ለምኜ፣ ዞሮ ዞሮ ለሰው ያልከው ሆነ። ሳታውቅ ነው ልክ የሆንከው። እንዳትኮራ።

ጥቅምት 2

አልሄድም አለች። “ልጄን መካ አፈር ውስጥ ትቼ?”

አጎታችን ጁነዲን ከመካ፣ ከሚስፈላ ሰፈር፣ ደወለ። “እኔ አለሁ አይደል? ጁምዓ ጁምዓ መቃብሩን እዘይራለሁ።”

“የሐጃጅ ሻንጣ ተሸክመህ ነው የምትዘይረው?”

“ሻንጣውን አስቀምጬ ነው እንጂ እቴ።”

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ... መድኃኒቷን የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ። ትሄዳለች ማለት ነው?

ጥቅምት 10

ተሠራች። አሁን አሥር ቀን ፊቷን ደፍታ መተኛት ነው። ከአልጋው ጫፍ ፊቷን አውጥታ፣ ግንባሯን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ወለሉን ታያለች።

“እማ፣ ሱጁድሽ ረዘመ። ኢማሙን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?”

“ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ። ወንድምህን መሰልክ።”



ጥቅምት 14

ልጠርግ ስል “አልጋው ሥር እንዳትደርስ” አለች። አቧራውስ? “ይቀመጥ። ኸላስ።” እሺ... የእማ አቧራ ነው።

ጥቅምት 18

ደህናውን ዓይኗን ሸፍኜ ጣቶቼን አሳየኋት። “አራት” አለች። ሦስት ነበሩ። ዶክተሩ “በዘይት ውስጥ ይህን ካየች በጣም ጥሩ ነው፤ ዘይቱ በኋላ አገር ቤት ይወጣላታል” አለ። የሒሳብ አስተማሪዬ እንዲህ ደግ ቢሆን።

ጥቅምት 23

ሄደች። ኤርፖርት በር ላይ አገጬን ይዛ በደህናው ዓይኗ አየችኝ፣ ከዚያ እሱን ጨፍና በግራው።  ሻንጣዋን አቀበልኳት።

ሊሸኛት የመጣው አጎታችን ወደ መካ ተመለሰ። እኔ ኢቃማ አለኝ፤ የትምህርት ዓመቱን ጨርስ ተብያለሁ።

ጥቅምት 24

ዳውድ፣ ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። የቀሰቀሰችኝ እማ ናት፣ በስልክ። “ገባሁ። አልተነፋም” አለች። “አየሽ፣ 23 ለሰው ነው” አልኳት። ሳቋን ሰማሁ።

ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ምሕረቱ ዛሬ ያበቃል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። መውጣት ግን እምቢ አለኝ። አልጋዋ ላይ በሆዴ ተኛሁ፣ እንደ እሷ፣ ፊቴን ከጫፉ አውጥቼ። አሥር ቀን ሙሉ ምን ስታይ ኖሯል?

ጫማህን። ከአልጋው ሥር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ልክ ከዓይኔ ሥር፣ ጎን ለጎን። ክሩን አስራዋለች።

43 ቁጥር። እኔ 41 ነኝ። ጫማ ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሰፋል፣ እዚህ ማንም አያታልለኝም። ካልሲ ደርቤ አደረግኩት። ትምህርት ቤት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ወለቀ።