ሽታ የለውም ያልሽኝ ጋዝ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የጓሮው ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል። ወንድምሽ የአባታችሁን የሥራ ጠረጴዛ እንሽጠው ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት።

ከፀጉር ስንትና ስንት ጊዜ የቀጠነ የብረት መስመር የኮምፒውተር ቺፕ ላይ መቅረጽ ቻልን አልሽኝ። እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ! ግን ብረቱን የሚበላው እንደ ድሮው ፈሳሽ አሲድ ሳይሆን ጋዝ ነው፣ ሽታም የለውም ስትዪኝ አባትሽ ትዝ አለኝ። አባትሽ የነሐስ ሰሌዳ በአሲድ ሲቀርጽ "አፍንጫዬ ዘበኛዬ ነው" እያለ መስኮት አይከፍትም ነበር። ሽታውን ለመደውና ዘበኛው ተኛ። ሲያስለው "ጉንፋን ነው" አለኝ፤ ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው።

ባለፈው እሁድ በስልክ ሦስቴ አሳለሽ። "ጉንፋን ነው፣ እማ" አልሽኝ፤ ልክ እንደ እሱ። ጋዙ ያለበት ማሽን ዝግ ነው፣ ወደ ውጭ አያስወጣም ትያለሽ፤ እኔን ግን ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ፈጣሪ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውይ ወሬውን ተዪውና ስልኩን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ተንፍሺልኝ። የአባትሽን ደረት ከሐኪሞቹ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

እናትሽ