አምፖሉ በርቶ መብራት የሚጠፋበት ሐሙስ

ለተከበሩ የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ በያሉበት ደኅና ይሆኑ ዘንድ እመኛለሁ። ከተመረቅሁ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ በእርስዎ በጎ ፈቃድም የኮምፒውተር ክፍሉ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከበሩ እስከ ጠረጴዛዎ ያለው መንገድ ስለ ረዘመባቸው ነው።

አንደኛ፦ ሐሙስ ሐሙስ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን የምዝገባው ሲስተም ድርግም ይላል። የጥበቃው ጋሼም ብቅ ብለው ለተሰለፈው ሕዝብ «መብራት ሄዷል፤ ነገ ኑ» ይላሉ፤ ያውም ከራሳቸው በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ። ሕዝቡ አምፖሉን አይቶ፣ ጋሼን አይቶ ይበተናል። ስላስተማሩን ትዕግሥት እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ሲስተሙ ያለበትን ዋናውን ማሽን በአንዲት መስመር ትእዛዝ፣ ሊዘጋ የተቀጠረበት ሰዓት እንዳለ ጠየቅሁት። ሳያቅማማ ነገረኝ፤ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፣ በየሳምንቱ። ነገሩን ብቆፍረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሮው ቀለም ሲቀባ ለአንድ ቀን ብቻ እንዲዘጋ አዝዘው ኖሯል፤ ትእዛዝዎን ማሽኑ ላይ የሞላው ሰው «አንድ ጊዜ» የሚለውን ትቶ «በየሳምንቱ» ላይ ምልክት አደረገና ጡረታ ወጣ። ቀለሙ ተላልጦ አልቋል፤ ትእዛዝዎ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ነው። እንዲህ የሚጸና ቃል ያለው አለቃ ስንቱ ታድሏል!

ሦስተኛ፦ ልሰርዘው ፈቃድ ብጠይቅ፣ «ሳይታዘዙ ስለ መመልከት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማየት ጥፋት መሆኑን ስላሳወቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አራተኛዋ ቅሬታዬ ሰው ናት። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ከሐሙስ በቀር ከስፌት መኪናዋ የምትነሣበት ቀን የላትም። ሦስት ሐሙስ ተሰልፋ ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን ተመልሳለች። የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚያበቃው በመጪው ሐሙስ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ካልወጣላት ልጇ ዓመቱን ቤት ትውላለች። ባለፈው «አንቺ ልጅ፣ እውነት መብራት ጠፍቶ ነው?» ብትለኝ አንገቴን ደፋሁ። ከእንግዲህ አልደፋም።

ስለዚህ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን ደግሜ እጠይቀዋለሁ፤ ቀጠሮው ካለ እሰርዘዋለሁ። ጎረቤቴም በተራዋ ትገባለች። ሊያባርሩኝ ከፈለጉ ከአራት ሰዓት በኋላ ብቅ ይበሉ፤ ቢሮው ክፍት ይሆናል።

ከወንበርዎ ዝቅ፣ ከአምፖሉ ሥር ቀና ብዬ፣
አክባሪዎ፣ ጊዜያዊቷ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያው ሲታተም ሐሙስ አራት ሰዓት ደርሶበት ሲስተሙ ድርግም ብሎ ኖሮ፣ «ከእንግዲህ ሠራተኛዋ በዋናው ማሽን ላይ» ከሚለው በኋላ ወረቀቱ ባዶ ነው። ከባዶው በታች ፊርማዎና ማኅተምዎ አሉ። ሳያነቡ ስለ ሰጡኝ ፈቃድ እግዜር ይስጥልኝ።