ከበሩ ውጭ የሞቀው ውሃ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይስ አሁንም ግንባርሽን በሻሽ አስረሽ ነው የምትውዪው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ መነጽር ታዞላታል ብለሽኝ ነበር፤ ለመደችው ወይስ እንደ አንቺ ልጅነት ያስቀመጠችበት እየጠፋት ቤቱን ታምሳለች? ባለቤትሽ ወገቡን ተሻለው? እናቱስ ደረጃውን መውጣት ቻሉ? እኔን ካልሽኝ ደህና ነኝ።

ድሮ "ደህና ነኝ" ካልኩ በኋላ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ከሰባት ዓመት ወዲህ አልጻፍኩትም። አስተውለሽው ከሆነ ምንም አላልሽኝም፤ ካላስተዋልሽውም እስክሪብቶዬ ነጥፎ መስሎሽ ይሆናል። የዛሬው ደብዳቤ ረዘም ይላል። ድስት ጥደሽ ከሆነ አውርጂውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማዬ ያረፈች ቀን ስትደውዪ፣ ልቅሶሽ ፋታ ሲሰጥሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ፣ "እታለም፣ አንቺ ነሽ አይደል ያጠብሻት? ያንቺ እጅ ነው አይደል የነካት?" ብለሽ ነው። እኔም "አዎ" አልኩሽ። አንቺም "እንግዲያውስ ተመስገን፣ ኑዛዜዋ ተፈጸመላት" ብለሽ ትንሽ ተረጋጋሽ።

ሚጣዬ፣ እኔ አላጠብኳትም።

ለምን እንዳላጠብኳት ለመንገር ከሥራ ቤቴ መጀመር አለብኝ። የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ከጀመርኩ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ልብሱ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪስ ይፈተሻል፣ የትራስ ልብስ ይገለበጣል፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከገባች ያንን ሁሉ ነጭ ልብስ ታበላሻለች። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ቤት ቀርቼ ፊደል የቆጠርኩት ካንቺ አሮጌ ደብተር ቢሆንም፣ ማንበብ የለመድኩት ግን ከነዚያ ወረቀቶች ነው። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የዳቦ ደረሰኝ፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ ለባል የተጻፈ ስድብ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ዱዓ ነው። ሰው ለታመመበት ሰው ጽፎ ትራስ ሥር ያደርገዋል። ከዳኑትም ትራስ ሥር አገኘዋለሁ፣ ከሞቱትም ትራስ ሥር አገኘዋለሁ፤ ያው ቃል፣ ያው ልመና፣ እንባ የነካው ያው ወረቀት ነው። መጣል አሳዝኖኝ በካርቶን አጠራቅመው ነበር። እህቴ ሙች፣ ማንንም አልተቆጣሁም፣ ማንንም አልተጣላሁም። ጥርስ ሳያም ሲወልቅ ምላስ ቦታውን እንደሚፈልገው ሁሉ፣ አንድ ቀን ሰግጄ ስነሳ እምነቴን ብፈልገው ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየኝ። መልሼ ለመትከል ሁለት ረመዳን ሞክሬያለሁ። የወለቀ ጥርስ አይተከልም።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የሥራ ጓደኞቼ የሚሰግዱት ንጹሕ ልብስ በሚታጠፍበት ክፍል ነው፤ አንዷ ማሽን ስትጠብቅ ሌሎቹ ይሰግዳሉ። እኔ ሁልጊዜ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ" እል ነበር። እቤቷ ገብታ ነው የምትሰግደው እያሉ ደግ ሴት አደረጉኝ። ባልዋልኩበት ተመሰገንኩ።

እማዬ ካረፈችበት ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ ሁለቱም ማሽኖች ተበላሹ። የሚጠበቅ ነገር የለም። እማማ በረኪና፣ የክፍላችን አንጋፋ ናቸው፣ ምላሳቸው ያገኘውን ሁሉ ስለሚያነጣ ስሙን እኛው አወጣንላቸው፣ "ዛሬስ ምን ሰበብ አለሽ? ተነሺ አብረን እንስገድ" አሉኝ። ሂዱ አልኳቸው። "የወር አበባ ነው?" አሉኝ። ፎጣ ማጠፌን ስቀጥል፣ "እኔስ ሰባት ዓመት ሙሉ የማያቋርጥ አበባ አይቼ አላውቅም፤ ያውም በዚህ ዕድሜሽ!" ብለው ሴቶቹን ሁሉ በሳቅ ገደሏቸው። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ውስጥ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቀስ ብዬ "እማማ፣ እኔኮ ማመን ካቆምኩ ቆየሁ" አልኳቸው። የሳቁት ሁሉ ሳቃቸውን ዋጡት። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር ሚጣዬ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዛ፣ ወጠር አድርጎ፣ ተራምዶ መገናኘት ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ የእኔን አንሶላ ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝ ጠፋ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልገፋኝም፤ ጫፉን ብቻ አይዙልኝም። አንዱን ጫፍ ምስማር ላይ አስሬ ብቻዬን አጥፍ ነበር።

እማዬ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር እንዳልል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ጀምሮ ለአራት ዓመት ውዱእ ያስደረግኳት እኔ ነኝ። አልጋዋን ለስግደቷ ወደ ቂብላ ያዞርኩላትም እኔው ነኝ። አዛን ከመሰማቱ በፊት ውሃ ጥጄ፣ ሙቀቱን በክርኔ ለክቼ፣ በዚያች ቢጫ ማንቆርቆሪያ እያፈሰስኩ እጇን፣ አፏን፣ ፊቷን፣ ክንዷን አጥባታለሁ። እግሯ ምንም አይሰማትም፣ ግን ሁልጊዜ "በጣቶቼ መሃል ደርሷል?" ትለኛለች። "ደርሷል እማዬ" እላታለሁ። አንድ ቀን ፎጣውን ስቀበላት፣ "አንቺስ መቼ ነው የምትሰግጂው?" አለችኝ። ከአንቺ በኋላ አልኳት። ዓይኔን አየችኝ፤ ታውቂው የለ፣ ያ ልብስ ስንቀድ የምታየን አስተያየት። ከዚያ "እንግዲህ እኔ የኔን ትንሽ አስረዝመዋለሁ" አለችና ጀመረች። እውነትም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላቷ ይረዝም ነበር።

ስትሞት እንዳጥባት ላንቺም በስልክ ስትነግርሽ ሰምቻለሁ። "የሌላ ሰው እጅ ይቀዘቅዛል፣ የእሷ ይሻለኛል" ነበር ያለችሽ።

ያረፈችው ረፋድ ላይ ነው። ፊቷን አብሼላት፣ ፎጣውን ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ የለችም። ፎጣው ገና ውሃውን ያንጠባጥባል።

በሰፈሩ የሴት ጀናዛ የሚያጥቡት እማማ በረኪና ናቸው። ከሁለት ሴቶች ጋር መጡ፤ አቅፈውኝ አለቀሱ፣ ልባቸው ድንጋይ አይደለም። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ስከተላቸው ግን በሩ ላይ ዞር ብለው መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ ክፉ አታስቢብኝ። ይቺ አደራ ናት፣ ነገ እጠየቅባታለሁ። ያመነ እጅ ነው የሚያጥባት። ያቺን ቃል በያትና ግቢ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ልብሽን ልከፍት አልመጣሁም" አሉኝ።

ቃሏን አንቺም ታውቂያታለሽ፤ አፋችንን ስንፈታ ያስተማረችን እማዬ ናት። ከአምላክ በቀር አምላክ የለም ከማለት ብዙም አትረዝም። አፌን ከፈትኩ። እማማ በረኪና ከንፈሬን እያዩ ጠበቁኝ፤ እንዲያውም የራሳቸውን ከንፈር እያንቀሳቀሱ ያግዙኝ ነበር። አልወጣልኝም። እማዬ እዚያ ውስጥ ተኝታ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከልቧ ያለችውን ቃል እኔ እንደ መግቢያ ካርድ አሳይቼ ልገባ ነው? ነውር መሰለኝ። ያኔ እውነተኛነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ኩራትም ሊሆን ይችላል። አላውቅም። በሩ ተዘጋ።

ውሃውን ግን እኔ አሞቅኩት። በክርኔ እየለካሁ፣ ባልዲውን በሩ ገርበብ ሲል አቀብል ነበር። ትንሽ ቆይቶ እማማ በረኪና ከውስጥ፣ "የመኝታ ቁስሏ በየትኛው ጎኗ ነው?" አሉኝ። በግራ፣ ከዳሌዋ ከፍ ብሎ፣ እንዳትፈትጓት፣ በመዳፍ ነው አልኩ። "ፀጉሯንስ?" አሉ። ከኋላ ጀምሩላት፣ ከፊት ሲጀመር ትቆጣለች አልኩ። አንዷ ሴት ውስጥ ስታለቅስ ሰማሁ። "በእግሯ ጣቶች መሃል ይድረስ" ብዬ ጮህኩ። "ደርሷል ልጄ፣ ደርሷል" አሉኝ። ከዚያ ደግሞ "ይበቃል" አሉ። አራተኛውን ባልዲ አሙቄ ይዤ ቆሜ ነበር። ማንም አልተቀበለኝም። ሙቅ ውሃ እንደያዝኩ፣ የት እንደማፈስሰው ጠፋኝ።

ሰዓት ሳይሞላ አንቺ ደወልሽ። ጠየቅሽኝ፣ "አዎ" አልኩሽ። እይ እንግዲህ ጉዴን! የለም ለምለው አምላክ አልዋሽም ብዬ እናቴን ሳላጥብ ቀረሁ፤ ላለሽው ላንቺ ግን ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። ያቺን አንዲት ቃል ማለት አቅቶኝ ይቺን አንዲት ቃል ለማለት ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም።

ሥራ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ባለፈው ማክሰኞ አንሶላዬን ምስማሩ ላይ ላስር ስል ከኋላዬ ተሳበ። ዞር ስል እማማ በረኪና ሌላኛውን ጫፍ ይዘዋል። "ወጥሪ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?" አሉኝ። ተራምደን ስንገናኝ ጣቶቻቸው ጣቶቼን ሲነኩ፣ እነዚህ ናቸው እማዬን ያጠቧት ብዬ ትንሽ ያዝ አደረግኳቸው። እሳቸውም አልነጠቁኝም።

ይህን የጻፍኩልሽ አጽናኚኝ ለማለት አይደለም። አሳድጌሻለሁና ይቅር በይኝ ብዬም አላስገድድሽም። በውሸቴ ተጽናንተሽ መኖርሽ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከእንግዲህ እታለም ብለሽ ትጠሪኝ እንደሆነ አላውቅም። ባለቤትሽ የእምነት ሰው ነው፣ ለእሱ ማንበብ አለማንበብሽን ለልብሽ ትቼዋለሁ። የእማዬን መስገጃና መቁጠሪያ ሙስበሃዋን ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ፤ የሚገባው ለሚሰግድበት ነው። መስገጃው ጉልበቷ ያረፈበት ቦታ ሳስቷል፣ እንዳታስጠግኚው። ማንቆርቆሪያዋን ግን አልሰጥሽም።

ምክንያቱም አዛን ሲሰማ እግሬ አሁንም ይነሳል። ውሃ እጥዳለሁ፣ እጅጌዬን እሰበስባለሁ፣ በክርኔ እለካለሁ። ለብ ካለ በኋላ ነው የማስታውሰው። በቀን አምስት ጊዜ እማዬ ትሞትብኛለች።

ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ መነጽሯን ስታወልቂ ግን ቀስ ብለሽ። መካከለኛውን ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ትንሿ አታውቀኝም፤ ስሜን ባትነግሪያትም አንድ ጊዜ ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሳ። ለእናቱም ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ። እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው አምስቱን ጊዜ ይነሳሉና፣ ውሃቸውን ቀዝቃዛ አትስጫቸው። በእጅሽ እንዳትለኪው፣ እጅ ይዋሻል። በክርንሽ ለኪው።

ታላቅ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ እማዬ ከነበረችበት ክፍል
እማዬ በሄደች በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት