የትኛው ሀ ነው?

ለልጄ ለአስቻለው፣ ጎዴ።

እስክሪብቶውን የያዘችው የቀበሌያችን ጸሐፊ ኮከቤ ናት፤ ነገሩ ግን የኔ የአባትህ የወዳጆ ነው። እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ ህሊናስ ደህና ናት? ልጃችሁ ቃለአብ ጥርስ አወጣ? እኛ ከጉልበቴና ከእናትህ ሳል በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ስልክህ ላይ ብናስደውል ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» እያለች ትመልሰናለች። ከሷ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኝ ነው የማስጽፍልህ።

የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ለአጨዳ ሊከፈት ነው። የሟች ወንድምህ የዱባለ ቤት ክዳኑ በስብሷል፤ ሚስቱ በዛወርቅ ባለፈው ክረምት ልጆቿን ይዛ አንድ ጥግ ላይ ተኮራምታ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ሣር ልትጠይቅ ብትሄድ የሣር ኮሚቴው ሊቀ መንበር አትናቴዎስ «ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዱባለ ነው፤ የሞተ ደግሞ አያጭድም» አላት። ለሚስቱ! የሱ ስም ወጥቶ የሷ ይግባ ብዬ እኔው ቀበሌ ሄድኩ።

አንተ እዚህ ሳለህ የአጫጆቹን ስም ጽፈህ የተውከውን ፋይል ኮከቤ ከፈተችው። ይነበባል፤ ስም ልትቀይር ስትል ግን እምቢ፣ የይለፍ ቃል አምጡ ይላል። በሌላ ስም ገልብጣ ፍላሽ ላይ ብታስቀምጠው እምቢታውም አብሮ ተገለበጠ። ቃሉን ስትሄድ የነገርከው ለኔ ብቻ ነው፤ «አባባ፣ ከእርስዎ አፍ አይወጣም» ብለህ። አልወጣም። እናትህ እንኳ አታውቀውም። አሁን ቢቸግር ለኮከቤ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ጻፈችው፤ ስህተት ነው አለ። አትናቴዎስም ሰው ፊት «ጋሽ ወዳጆ አርጅተዋል፣ ረስተውታል» አለ። እኔ! ሰባት ቤት ሳልደናቀፍ የምቆጥር!

ኮከቤ ትጠይቀኛለች፦ «ይሄ ሀ ሃሌታው ነው፣ ሐመሩ ነው፣ ወይስ ብዙኃኑ? ጸሎቱ ጸ ነው ወይስ ፀሐዩ? ቃላቱስ ተጣብቀው ነው ተነጣጥለው?» ምን አውቄ! ቃል ከአፍ ሲወጣ አንድ ነው። አንተ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ እንዲያ ያለ ረጅም ሐረግ ፊደል ላልቆጠረ አባትህ አደራ ስትሰጥ አላሰብክም? እያቀያየረች ስትሞክር ውላ መብራት ሄደ። በማግስቱም ተመልሼ መጣሁ። ዳገቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደከመኝ ልጄ።

ቃሉን ወረቀት ላይ አታስፍረው፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል። እያንዳንዱ ፊደል የትኛው እንደሆነ ብቻ በተራ ጽፈህ ቶሎ ላክ፤ ኮከቤ ይገባታል።

እውነቱን ልንገርህ፤ ስሙን ሰርዢው ያልኳት ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ነው። ኮምፒውተሩ እንኳ ዱባለን አልለቅም ብሎ ሲሟገት፣ እኔ አባቱ ይሰረዝልኝ ብዬ ደጅ እጠናለሁ። ቢሆንም ይሰረዝ። በልጆቹ ራስ ላይ ዝናብ ከሚወርድ ይሰረዝ።

እናትህ ዓለሚቱ ትስምሃለች፤ በዛወርቅም ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። ህሊናን አክብሬ ሰላም ብያታለሁ፤ ቃለአብን ጉንጩን ሳሙልኝ።

ዘመሮ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በይ ኮከቤ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የጨመርሽው ካለ ጆሮዬ ያውቀዋል።