የደረቴ ነገር

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ጥሩ በረዶ። ደረቅ፣ ስኪው ሳይጎትት የሚያልፍበት። ጠዋት አናቶሚ፣ ምሳ ያው ግሬችካ የሚሉት ቅንጬ ከተፈጨ ሥጋ ጥብስ ጋር፣ ከዚያ ጫካ። አሰልጣኛችን ሌቭ ኢግናትየቪች ረጅሙን ዳገት ደጋግመው አስወጡን። «ዛካር! አያቴ በምርኩዝ ይቀድሙሃል!» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከፊት ነበርኩና።

እኅቴ ኡሊያና ከመንደር ደወለች። በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ወጥታለች። «የስፖርት ዩኒቨርሲቲያችሁ ኮሌጅ ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ ይቀበላል አይደል? መጣሁልህ፣ ተዘጋጅ!» ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን የሠላሳ ዓመት ሴት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ወደቅሁ።

እንዴት? አላውቅም። ዳገቱ አናት ላይ ደርሻለሁ… ከዚያ አፌ ውስጥ በረዶ። መካከሉ የለም። ተቆርጦ የወጣ ያህል።

ቡድኑ አልፎ ስለነበር አላዩኝም። ያየኝ ኑራሊ ብቻ። የመኝታ ክፍሌ ተጋሪ፣ ከዳግስታን የመጣ የትግል ስፖርተኛ፤ የትግል ልጆች በዚያው መንገድ በእግር ይሮጣሉ። ዓይኔን ስገልጥ ጉንጬን በጥፊ ያጮለው ነበር።

«ተንሸራትቼ ነው» አልኩት።

«ተንሸራትቼ? ወንድሜ፣ እኔ ሰው ስጥል ነው የምኖረው። የተንሸራተተ ሰው እጁን ይዘረጋል። አንተ እንደ ጆንያ ነው የወደቅኸው።»

ለማንም እንዳይናገር አስማልሁት። ማለ። ፊቱ ግን ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

አባቴ… እንጨት እየፈለጠ ነበር። መጥረቢያውን አስቀመጠና ተቀመጠ። ከዚያ ጋደም አለ፤ አልተነሳም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። መንደርተኛው «መጠጥ ነው» አለ። አባቴ ግን አይጠጣም ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ያንን ወሬ ስታስታውስ ትንገበገባለች።

ለምን አሁን አሰብኩት?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ፊዚዮሎጂ። ልብ። ሌላ ርዕስ ጠፍቶ! መምህሯ የልብ ምት የሚለካውን ብስክሌት አስገብተው «ደረቱን የሚሰጠን ጀግና ማነው? የስኪ ልጆች ጥሩ ልብ አላቸው» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ቆልፌ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆየሁ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላኝ ሰው! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ይመታል። ይመታል። አንዱን ዘለለ? ወይስ እኔ ነኝ?

በየመጸው ይመረምሩናል። ባለፈው «የስፖርተኛ ልብ ነው፣ ትልቅ ነው» ብለውኝ ስኮራ ነበር።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

ዛሬም ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መጣና ሄደ። ደህና ነኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው።

ኑራሊ የአገሩን ኺንካል ቀቀለ። ሊጡ ወፍራም፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሚያስለቅስ። ድስቱን መሀላችን አስቀምጦ «ብላ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለሽማግሌው ልነግራቸው ነው» አለ። ሌቭ ኢግናትየቪችን ማለቱ ነው።

«ምለህልኛል!»

«የማልኩት ለጓደኛዬ ነው፣ ለሬሳ አይደለም።»

ጮህኩበት። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ውድድር ነው አልኩት። ከዩኒቨርሲቲው ከወጣሁ የት ልግባ? እንጨት መሰንጠቂያ? ስኪ ካልሮጥኩ ማን ነኝ? ድስቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «እሺ። እስከ ውድድሩ። ከዚያ በኋላ አንገትህን ይዤ ነው ሐኪም ቤት የምወስድህ። የእኔን አያያዝ ታውቃለህ።»

ሳቅሁ። ሳቄ ግን እንግዳ ሰው የሳቀ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ነገ።

ስኪዬን ሰም ቀባሁ። ሌቭ ኢግናትየቪች ትከሻዬን መታ አደረጉና «ዘንድሮ ያንተ ነው» አሉ። እንደ አባት ያዩኛል። ልንገራቸው? አፌን ከፈትኩ… ስለ በረዶው ጠየቅኋቸው።

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 15

ሆስፒታል ነኝ። እጄ ላይ መርፌ ስላለ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አነሳሴ ጥሩ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ነበርኩ። ዳገቱን ስጨርስ ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር መምታት ትቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታሰረች ወፍ እንደሚይዝ ሰው… አላውቅም፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከፊቴ ቁልቁለቱ ነበር፣ ከዚያ ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ። እዚያ ብወድቅ ማን ያየኛል? ከመንገዱ ወጣሁ። ስኪዬን ፈታሁ። ተቀመጥኩ።

በሕይወቴ ውድድር አቋርጬ አላውቅም።

ሌቭ ኢግናትየቪች በረዶውን እየሰነጠቁ እየሮጡ መጡ። «ተሰበረ? የስኪ ዱላህ ነው? ሌላ ዱላ አለኝ፣ ተነስ! ተነስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?!»

«ፈራሁ» አልኳቸው።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ በረዶው ላይ ተንበረከኩ። «ምኑን?»

«እንደ አባቴ እንዳልሞት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ። ሰዎች እያለፉን፣ ከታች ሌሎች አሰልጣኞች እየጮሁ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። «እንዳትነሳ። ጣትህን እንዳታንቀሳቅስ። ሰማኸኝ፣ ልጄ?» አሉና ወደ አምቡላንሱ በእጃቸውም በድምፃቸውም ይጣሩ ጀመር። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

እስከ ሆስፒታል እጄን አልለቀቁም። «ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ ነው ያሉት። ደጋግመው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ሐኪሟ ዶክተር አልቢና ይባላሉ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ። የልቤ ግድግዳ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው። የስፖርት አይደለም። ከዘር የሚመጣ ነው። መድኃኒት አለው፣ እኖራለሁ፣ ውድድር ግን አበቃ።

አበቃ። እንደዚያ ነው ያሉት፣ ሳያለሳልሱ።

ላለቅስ ስል፣ «ወንድም ወይም እኅት አለህ?» አሉኝ።

እንባዬ ደረቀ። እስከ ዛሬ የፈራሁት ሁሉ ፍርሃት አልነበረም።

ለእናቴ ደወልኩ። ስለ አባባ ነገርኳት። ከዚያ «መጠጥ አልነበረማ» አለች። «ብያለሁ እኮ… መጠጥ አልነበረም።» አለቀሰች። ኡሊያናን አምጪ አልኳት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 20

ኡሊያና አልመጣም ብላለች። «አንተ ስለታመምክ እኔ ልታመም? ምንም አልሆንኩም! እሑድ ውድድር አለኝ!»

እሑድ ውድድር! ከእናቴ ጋር በስልክ ተጣላሁ፤ ስኪዋን ደብቂ አልኳት። ሊጠይቀኝ የመጣው ኑራሊ ስልኩን ነጠቀኝና ለኡሊያና «አንቺ ልጅ፣ ነገ ባቡር ካልተሳፈርሽ ራሴ መጥቼ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ነው የማመጣሽ» አላት። አይተዋወቁም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 23

መጡ። ኡሊያና አላናገረችኝም። እሷ ውስጥ ትመረመራለች፤ ኮሪደሩ ላይ እኔና እናቴ። በሩን ሳይ፣ በሩን ሳይ… ዳገቱ ላይ ከተቀመጥኩት ይከፋል። ሌቭ ኢግናትየቪችም መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም። ቆመው ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

ዶክተር አልቢና ሲወጡ ከፊታቸው አወቅሁ።

እሷም። እንደ እኔው።

«በጊዜ ነው የደረስነው» አሉ። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። ኡሊያና ከኋላቸው ወጥታ ዓይኔን እያየች «እጠላሃለሁ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ወደ አሰልጣኝነት ክፍል ተዛወርኩ። ሌቭ ኢግናትየቪች ናቸው በየቢሮው የዞሩልኝ። ሌሎቹ ዳገቱን ሲወጡ ከዳር ቆሜ አያለሁ። ያማል። ዛሬ አንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዳገቱ ላይ ሲቆም ሮጬ ሄድኩና «ምን ተሰማህ? እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። «የእግሬ ጡንቻ ይዞኝ ነው» አለ። ደስታዬን ቢያይ እብድ ይለኝ ነበር።

ኡሊያና አሁንም ስልክ አታነሳም።

እሑድ፣ ማርች 2

ደወለች። ራሷ።

ልጆቹ ሲወዳደሩ ልታይ ሄዳ ነበር። «ከእኔ ኋላ የምትገባው ልጅ አንደኛ ወጣች። ያቺ ቀርፋፋ!»

«ቀርፋፋ አይደለችም።»

«ቀርፋፋ ናት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ተውኳት። ከዚያ አፍንጫዋን እየሳበች፣ «ዛካር… እዚያ ዳገት ላይ አንተ ባትቀመጥ፣ እኔን ማን ያስቀምጠኝ ነበር?»

ስልኩን አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል።