ለደመላሽ የሚሆን መስመር

ወንድሜ ሔሩይ፣

ልጅህ ደመላሽ የኮምቦልቻ–መቐለን ቋሚ የጭነት መስመር ይያዝ ወይስ ይቅርበት ብለኸኝ ነበር። መቐለ የገባሁት በዚያው መስመር ከሚመላለሰው ሹፌር ከአብዱልወዱድ ጋር፣ ጋቢና ተቀምጬ ነው። የሚገባበት ቀን ስለሚታወቅ ልጆቹ ተጣጥበው በር ላይ ጠበቁት። መንገድ ላይ ግን በየደረስንበት «ማይጨው! አዲ ጉዶም!» እያለ የከተማውን ስም ይጮህ ነበር።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለራሴ ነዋ መምህር! እጄ መንገዱን ለምዶታል፤ ዝም ካልኩ ዓይኔ እንደተገለጠ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እኛ መምህራን አንዱን ትምህርት ስንደጋግም ተማሪ ጠይቆ ያነቃን ነበር፤ ሹፌር ጠያቂ የለውም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ባለቤትህን የኔአለምን ሰላም በልልኝ። ደመላሽ መስመሩን ይያዘው፤ ግን ከሐይቅ እስከ ኲሓ ያሉትን የከተሞች ስሞች ከወዲሁ በቃሉ ያጥና። ስመለስ እጠይቀዋለሁ።

ሐቢብ